የአረንጓዴው ድስት ጉዳይ

እሑድ ጠዋት፣ ከጊዮርጊስ በታች ካለ አንድ ግቢ፣ የበግ ወጥ የሞላበት ድስት ጠፋ። ድስቱ ሕፃን ልጅ ገላውን ሊታጠብበት የሚችል ነው፤ ሁለት ሰዎች ሲያነሱት ሦስተኛው አጠገባቸው ቆሞ «ቀስ፣ ቀስ» ይላል። እንዲህ ያለ ዕቃ ኪስ ውስጥ ተከቶ አይወጣም።

ሳጅን ሚናስ ነገሩን ለኢንስፔክተር ብርኽቲ ሲነግራት ከንፈሩን በጥርሱ ይዞ ነበር።

«ምን ተሰረቀ?» አለችው።

«ወጥ።»

«ምን ዓይነት ወጥ?»

«ቀይ ወጥ። ከነድስቱ።»

ብርኽቲ አልሳቀችም። በሥራ ዘመኗ ለባለቤቱ የሚያስቅ ስርቆት አይታ አታውቅም። ይልቅ ማንን እንደጠረጠረ ጠየቀችው። ሳጅኑ ቀድሞ ቦታው ድረስ ሄዶ የግቢውን ዘበኛ ይዞ መጥቷል። ገነነ ይባላሉ፤ ሽማግሌ ናቸው፤ የኩሽናው ቁልፍ በእጃቸው ነው፤ ሌሊቱን ግቢው ውስጥ ነበሩ። ጓጉንቸሩ አልተሰበረም፤ አጥሩ አልተነካም። ታዲያ ከሳቸው ሌላ ማን?

«ምን አሉ?»

«ተኝቼ ነበር፣ ምንም አላየሁም አሉ።»

ብርኽቲ ይቺን ቃል ደግማ አስባለችው። እስከዛሬ ቃላቸውን የተቀበለቻቸው ዘበኞች ሁሉ ዓይናቸውን ሳይከድኑ ያነጉ ናቸው። ሌባ ይገባል፣ ቆርቆሮ ይነቀላል፣ መኪና ከነጎማው ይሄዳል፤ ዘበኛው ግን አልተኛም። ተኝቼ ነበር ያለ ዘበኛ ሲገጥማት ገነነ የመጀመሪያው ናቸው። እውነት የሚናገር ዘበኛ ወይ ቅዱስ ነው ወይ የሚደብቀው ነገር አለው ብላ አሰበችና ጃኬቷን አነሳች።

ሽማግሌውን ለማየት ወደ ማረፊያ ክፍሉ ጎራ አለች። ጥግ ይዘው፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ተቀምጠዋል። ነገ ሰኞ ፍርድ ቤት እንደሚቀርቡ፣ ያዩት ነገር ካለ አሁን ቢናገሩ እንደሚሻል ነገረቻቸው። እሳቸውም እንቅልፍ ክፉ ነገር እንደሆነ፣ በተለይ ሲያረጁ እንደሚብስ አስረዷት። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ የሚኖሩት በግቢው በር አጠገብ ባለችው ክፍል ነው። ሥራው ከተወሰደባቸው ቤቱም አብሮ ይሄዳል። ይህን ሲናገሩም ቢሆን የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስል ነበር።

*

ግቢው «ማዕድ» የተባለ የበጎ አገልግሎት ክበብ ነው። አባላቱ የጊዮርጊስ አካባቢ ነጋዴዎች፣ ልብስ ሰፊዎች፣ ጡረታ የወጡ የቢሮ ሠራተኞች ናቸው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም። እሑድ እሑድ ይሰበሰባሉ። አንዱ የአረጋውያን ፀጉር ይቆርጣል፣ ሌላው ጥፍር ይከረክማል፣ ጉልበት ያለው የሚያፈስ ጣራ ሊደፍን ይወጣል፣ ጉልበት የሌለው ደግሞ ጣራ የሚደፍነውን ከታች ሆኖ ይተቻል። መራመድ ያቃተውን በክበቡ ዊልቸር ጭነው እንደ እምነቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ መስጊድ፣ ካስፈለገም ወደ ክሊኒክ ያደርሳሉ። ሁለት ዊልቸር አላቸው። ከዚያ ምሳ ይበላል።

ሰፈሩ ከፈረሰና ሰዉ ከተበተነ ወዲህ አረጋውያኑ የሚመጡት ከየኮንዶሚኒየሙ ነው፤ ታክሲ ቀያይረው፣ ወገባቸውን ይዘው። የሚበሉት ሽሮና ምስር ነው። ሽሮ እቤታቸውም አለ። የሚመጡት ለሽሮው እንዳልሆነ ለማወቅ መርማሪ መሆን አያስፈልግም።

የክበቡ ሊቀመንበር ሐጂ አብዱልሙሀይሚን በሩ ላይ ተቀበሏት። የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ሲናገሩ እንኳ ቃሉን በክንድ ለክተው የሚሰጡ ይመስላሉ። ፖሊስ የጠሩት እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

ኩሽናው ሰፊ ነው። በአንዱ ጥግ ምድጃ ላይ አንድ ትልቅ ድስት ተቀምጧል፤ ጆሮው ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል። ከጎኑ ያለው ምድጃ ባዶ ነው። ሐጂ ነገሩን ከመሠረቱ አስረዷት። ዓመቱን ሙሉ አንድ ድስት ነው። ሽሮና ምስር የማንም ቢላ አይነካውምና ሁሉም ከአንዱ ይበላል። በክበቡ ምሥረታ ቀን ብቻ ሥጋ ይሠራል፤ ያን ጊዜ ሁለት ድስት ይሆናል። ቢስሚላህ ተብሎ የታረደው አረንጓዴ ጨርቅ በታሰረበት፣ በስመ አብ ተብሎ የታረደው ቀይ በታሰረበት። ጭልፋው ለየብቻ፣ መክተፊያው ለየብቻ። ቅዳሜ ማታ ተሠርቶ ያድራል፣ እሑድ ይሞቃል። ዛሬ ያ ቀን ነበር። የጠፋው አረንጓዴው ነው።

«ከሁለቱ አንዱ ብቻ፣ እሱም የኛ፣» አሉ ሐጂ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዝም ብል ሰው ያወራል። ማን አነሳው፣ ለምን የእስላሞቹን ብቻ አነሳው ይባላል። የሚያወራ አፍ ከማይ ፖሊስ ይመርምረው አልኩ።»

ብርኽቲ ክፍሉን ዞረች። መጀመሪያ ያየችው የጋዝ ሲሊንደሩን ነው። ሙሉ ነው፣ ቦታው ላይ ነው። ሲሊንደር እያለ ወጥ የሚሰርቅ ሌባ አዲስ አበባ ውስጥ እስካሁን አልተያዘም። መፍጫው አለ። የመዳብ ትሪው አለ። ወለሉ ላይ አንዲት የወጥ ጠብታ የለችም፤ በረንዳውም ላይ፣ ግቢውም ውስጥ የለም። ያን የሚያህል ሙሉ ድስት በእጅ ተሸክሞ ሳያንጠባጥብ የወጣ ሰው ካለ ከመታሰሩ በፊት ሽልማት ይገባዋል።

ከዚያ መደርደሪያው ላይ አረንጓዴውን ጨርቅ አገኘችው። ከድስቱ ጆሮ ተፈትቶ፣ አራት ማዕዘን ሆኖ በሥርዓት ታጥፎ ተቀምጧል።

«ማን ነው ያጠፈው?»

ሐጂ ዛሬ ማንም ምንም እንዳልነካ ነገሯት። ሳጅን ሚናስ ጨርቁን አየው፣ እሷን አየ፣ መልሶ ጨርቁን አየ።

«ንጹሕ ሌባ ነው፣» አለ።

ቁልፉ ሦስት ቦታ ነው። አንዱ ከዘበኛው፣ አንዱ ከሐጂ፣ አንዱ ከዋናዋ ወጥ ሠሪ ከእትዬ አሰፋች ጋር። የሐጂ ቁልፍ ሌሊቱን ከኪሳቸው አልወጣም፤ እሳቸውም ከቤታቸው አልወጡም፤ ለዚህም ሚስታቸው፣ ልጆቻቸውና ሲያስሉ ያደመጠ ጎረቤት ይመሰክራሉ። ጠላት አላችሁ ወይ ስትላቸው ብዙ አመነቱ። በመጨረሻ ጠላት ሳይሆን ያኮረፈ ሰው እንዳለ ነገሯት። ዘይኑዲን ይባላል። ባለፈው ስብሰባ ተነሥቶ ክበቡ ማዕዱን እንዲለይ ጠይቆ ነበር፤ ኩሽናውም ሁለት፣ ቀኑም ሁለት ይሁን፣ አንድ ቀን እጅ ይሳሳታል ብሎ። ድምፅ ተሰጠ፤ ብቻውን ቀረ። «እንዴት እንደምትበሉ አያለሁ» ብሎ ወጣ።

«እንዴት እንደምትበሉ አያለሁ፣» አለ ሳጅን ሚናስ እየደገመ። ሳጅኑ ዛቻ ሲሰማ ጉዳይ የተፈታ ይመስለዋል።

*

ወጥ ሠሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ እትዬ አሰፋችና እትዬ ኡሙሀኒ። በረንዳው ላይ ሽንኩርት ይልጣሉ። የእስላሞቹ ሥጋ ስለጠፋ ክርስቲያኖቹ አረጋውያን «ጎረቤታችን እያየን ብቻችንን አንበላም» ብለዋልና ለሁሉም ሽሮ ሊሠራ ነው። ከጎናቸው አንደኛው ዊልቸር ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይደርቃል።

ብርኽቲ ወደነሱ ከመድረሷ በፊት ፀጉር የሚቆርጠው አባል ስለሁለቱ ሳትጠይቀው ነግሯታል። ሁለቱ ሲጣሉ የሚኖሩ ወዳጆች ናቸው። በጨው ይጣላሉ፣ በእሳት ይጣላሉ፣ ሽሮ መቼ እንደሚወርድ ይጣላሉ። አንዷ ካልመጣች ሌላዋ ማን ይሳደባል ብላ ታኮርፋለች። ዛሬ ግን ቃል አልወጣቸውም። «በሐዘን ነው፣» አላት ቆራጩ፣ «ሥጋ ቀላል ነገር አይደለም።»

እትዬ አሰፋች ቁልፏን ከአንገቷ አውጥታ አሳየቻት። ማለዳ የት ነበሩ ስትባል ጊዮርጊስ ቅዳሴ ላይ ነበርኩ አለች። ማን አይቶዎታል ስትባል እትዬ ኡሙሀኒ ቀድማ መለሰች፤ አሰፋች የእሑድ ቅዳሴ ቀርታ አታውቅም፣ ማንንም ጠይቂ ብላ። እሷስ የት ነበረች? አሁን ደግሞ እትዬ አሰፋች ቀደመች። ኡሙሀኒ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ጉልበቷን ስለሚያማት ተኝታ ነበር፣ ጉልበቷ ከጥንትም እንዲህ ነው አለች።

«የሷን ጉልበት እርስዎ ከየት አወቁ? ቅዳሴ ላይ አልነበሩም?»

«ጉልበቷን መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ የኔ ልጅ።»

ብርኽቲ አመስግና ተነሣች። አንዱ ሲጠየቅ ጓደኛው ከመለሰለት ሁለቱም አንድ ቦታ ነበሩ ማለት ነው። ይህን ግን ለሳጅኑ አልነገረችውም፤ ሳጅኑ ለዘይኑዲን ካቴና እያወጣ ነበር።

*

ዘይኑዲን ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ በጠባብ ሱቅ ዣንጥላና ቦርሳ ይጠግናል። እሑድም ይሠራል። ሳጅኑን ሲያይ ሥራውን አላቆመም፤ የዣንጥላውን ሽቦ በፒንሳ እያቀና ተቀመጡ አላቸው። አንድ በርጩማ ብቻ ነበር።

አልካደም። ማዕዱ ይለይ ብያለሁ፣ ዛሬም እላለሁ አለ። ሰው ልማድ አለው። ዓመቱን ሙሉ አንድ ድስት ሲያማስል የኖረ እጅ አንድ ቀን ብቻ ሁለት ድስት ስታቀርብለት ይረሳል። ይህን ሲናገር ሳቁበት። እትዬ ኡሙሀኒማ በስብሰባ መሀል «ያንተ ጭንቅላት እንደ ዣንጥላህ ዝናብ ካልመጣ አይከፈትም» አለችው።

«ማለዳ የት ነበሩ?» አለች ብርኽቲ።

«መስጊድ። ሱብሒ ሰግጄ ከኢማሙና ከሰዎቹ ጋር ወጣሁ። ጠይቂያቸው።»

ሳጅኑ ወዲያው ስልክ ደወለ። እውነት ነው፤ ዘይኑዲን ሶላቱን ከሰገደ በኋላ በመስጊዱ በር የአንድ ሰው ዣንጥላ እንዴት እንደተበላሸ ሲያስረዳ ብዙ ቆይቷል። ሰውየው ጭምር መስክሯል፤ ትንሽም አማሯል። ሳጅኑ ካቴናውን ወደ ኪሱ መለሰ።

ብርኽቲ ወደ ቤቱ ሲመለስ ያየው ነገር ካለ ጠየቀችው። ምንም አለ። ከዚያ ቅር እንዳለው ሰው ፒንሳውን አስቀመጠ።

«የክበቡ ሰዎች አስቀየሙኝ እንጂ። አሰፋችና ኡሙሀኒ በሽተኛ በዊልቸር ይዘው ወደ ራስ መኮንን ሲወርዱ አገኘኋቸው። ብንኮራረፍም በሽተኛ ነው ብዬ ቆሜ ‹አላህ ያሽርዎት› አልኩ። ዝም አለኝ።»

«ማን ነበር?»

«ከላይ እስከ ታች ነጠላ አልብሰውታል። ወፍራም ነው። ‹አሜን› ያለችው አሰፋች ናት። ሰው ምን ቢታመም አሜን ማለት ያቅተዋል?»

ብርኽቲ በርጩማውን ወደሱ አስጠጋች። «ሌላስ?»

ዘይኑዲን አሰበ። ቀስ ብሎ ፊቱ ተለወጠ።

«ኢንስፔክተር፣ አጠገቡ ሳልፍ ራበኝ። እኔ በሽተኛ አይቼ ርቦኝ አያውቅም።»

*

ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ሲወርዱ ሳጅን ሚናስ ያለማቋረጥ ያስብ ነበር፤ ጮክ ብሎ ነው የሚያስበው። ሁለቱ ሴቶች ከሰረቁት ለማን ሸጡት? ሆቴል? ሠርግ ቤት? ደግሞ ቀዩን ለምን ተዉት? ዊልቸሩስ የታጠበው ለዚህ ነው ማለት ነው። እሑድ ማለዳ ሁለት የክበቡ ሴቶች በሽተኛ ሲገፉ አይቶ የሚጠይቅ ሰው ፒያሳ ውስጥ የለም፤ ሥራቸው ነው። ለዚህ ነው ማንም ያላየው፤ ያየውም ሰላም ብሎ ያለፈው።

ብርኽቲ ከድልድዩ አጥር ተደግፋ ወደ ታች ተመለከተች። ከላይ ታክሲ ይጮኻል፣ ረዳት ይጠራል፣ የጫማ ነጋዴ ከእግረኛ ጋር ይከራከራል። ከታች፣ ወንዙ ዳር፣ ውሾች ተኝተዋል። አንዱ በጀርባው፣ አንዱ በጎኑ፤ አንዲት ቡችላ ሆዷ መሬት ነክቶ መራመድ አቅቷት ቆማለች። አንድ ሰው አጠገባቸው ዳቦ እየገመጠ አለፈ። ከውሾቹ ቀና ያለ የለም።

ወረደች። ሳጅኑ ተከተላት። ሳሩ ላይ የተፈሰሰ ቀይ ዘይት ደርቋል፤ ዙሪያውን የተጋጠ የበግ አጥንት።

«ለውሻ?» አለ ሳጅን ሚናስ። ከጠዋት ጀምሮ መጀመሪያ የተቆጣው አሁን ነው። «ያን ሁሉ ሥጋ ለውሻ?»

ብርኽቲ አጥንቶቹን እያየች ቆመች። ለሽያጭ አይደለም፤ ለመብላትም አይደለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያበስሉ የኖሩ፣ የወደቀ ፍርፋሪ አንሥተው የሚስሙ ሁለት ሴቶች ሙሉ ድስት ሥጋ ወንዝ ዳር አፈሰሱ። እስላሙ እንዲበላው አልፈለጉም። ለክርስቲያኑም አልሰጡትም። ከሁለቱ ለማንም ያልሆነ ሥጋ ማን ይብላው? ሃይማኖት የሌለው።

ዘይኑዲን ስለ እጅ ልማድ የተናገረው ትዝ አላት። ከዚያ በኋላ የቀረው ዳገቱን መውጣት ብቻ ነበር።

*

ሽሮው እየተንተከተከ ነው። እትዬ አሰፋች ታማስላለች፣ እትዬ ኡሙሀኒ ከጎኗ ቆማለች። ብርኽቲ ሳጅኑን ውጭ አስቀርታ ገባችና በሩን ገፋ አደረገችው።

«ውሾቹ ጠግበዋል፣» አለች።

ማማሰያው ቆመ። እትዬ ኡሙሀኒ ወንበር ፈለገች፤ አጥታ የሽንኩርት ጆንያው ላይ ተቀመጠች።

«እኔ ነኝ፣» አለች እትዬ ኡሙሀኒ። «ድስቱን እናጥፋው ያልኩት እኔ ነኝ። ጨርቁንም አጥፌ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ድስቱ ቤቴ ነው ያለው፤ ታጥቦ ተደፍቷል።»

«እሷ ምን አደረገች? እኔ ነኝ እንጂ፣» አለች እትዬ አሰፋች። ከዚያ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ተናገረችው።

ቅዳሜ መሸት ሲል መግሪብ ደረሰ። ኡሙሀኒ ልትሰግድ ስትወጣ «ድስቴን እይልኝ» አለቻት። አሰፋች አየችላት። ወጡ ቀጥኗል። ዓመቱን ሙሉ እሑድ እሑድ ወጥ ሲቀጥን አጠገቧ ካለው ቁሌት በጭልፋ ጨልፋ ትጨምራለች። ያን ምሽትም ጨለፈች፣ ጨመረች፣ አማሰለች፣ ደስ አላት። ጓደኛዋ ስትመለስ «እንዴት አማረ» አለቻት። እቤቷ ገብታ ከተኛች በኋላ ነው እጇ ያስታወሳት። አጠገቧ የነበረው ቁሌት አልነበረም። ቀዩ ድስት ነው።

«ሌሊቱን አልተኛሁም። ጎህ ሳይቀድ በሯን አንኳኳሁ። ትገድለኛለች ብዬ ነበር።»

«ልገድላት ነበር፣» አለች እትዬ ኡሙሀኒ። «ግን ቅጠል ሆና ስትንቀጠቀጥ አየኋት።»

«ለምን አልተናገራችሁም?»

ሁለቱ ተያዩ። የመለሰችው ኡሙሀኒ ናት። ዘይኑዲን ብሎ ነበር። ከተናገሩ የሱ ቃል ሞላ ማለት ነው፤ ማዕዱ ይለያል። ሥጋው ብቻ አይደለም፤ ሽሮውም ይለያል። ሽማግሌዎቹ ከአሰፋች እጅ ዳግመኛ አይበሉም። አፋቸው ምንም አይል ይሆናል፤ እሑድ ሲደርስ ግን ወገቤን አመመኝ፣ ታክሲ አጣሁ ይላሉ። በየኮንዶሚኒየማቸው ብቻቸውን ይበላሉ። ሌባ ወሰደው ቢባል ግን ሌባ ተረግሞ ያልፋል።

«ጋሼ ገነነስ?»

እትዬ አሰፋች ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ለወጥ ፖሊስ ይጠራል ብሎ ማን ያስባል? ሳጅኑ ሽማግሌውን ሲወስድ ከጠዋት ጀምሮ አሥር ጊዜ ልትናገር አፏን ከፍታለች። በከፈተች ቁጥር ኡሙሀኒ ትቆነጥጣታለች። ኡሙሀኒም ስትከፍት እሷ ቆንጥጣለች። ክንዳቸውን አሳዩዋት፤ የተባለው እውነት ነበር።

ብርኽቲ የሕጉን ነገረቻቸው። የከሰሱት ሐጂ ናቸው። እሳቸው ነገሩን አውቀው አቤቱታቸውን ካነሡ ፋይሉ ይዘጋል፣ ሽማግሌውም ዛሬውኑ ቤታቸው ያድራሉ። ካልሆነ ነገ ፍርድ ቤት ናቸው።

«ለሐጂ እኔ ልንገራቸው ወይስ እናንተ?»

እትዬ አሰፋች ሽርጧን ፈታች። «ለሐጂ ብቻ አይሆንም፣» አለች። «የምሰጠው ለሁሉም ነው፤ የምነግረውም ለሁሉም ነው።»

*

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። አረጋውያኑ ፀጉራቸው ተቆርጦ፣ ጥፍራቸው ተከርክሞ፣ ምሳ እየጠበቁ ነው። ዘይኑዲን በር ላይ ቆሟል፤ ሱቁን ዘግቶ መጥቷል። ሰላም ያልኩት በሽተኛ ማን እንደሆነ ሳላውቅ ዛሬ ሥራ አይሆንልኝም ብሎ ለሳጅኑ ነግሮታል።

እትዬ አሰፋች ቆመች። እትዬ ኡሙሀኒም ከጎኗ ቆመች። አሰፋች ተናገረች፤ ጭልፋውንም፣ ዊልቸሩንም፣ ወንዙንም። ነጠላው ላይ ስትደርስ አንድ ሽማግሌ መሣቅ ጀምረው ጎናቸው ያሉትን አይተው አቆሙ። ሐጂ አብዱልሙሀይሚን መሬት መሬት ያያሉ። ከዚያ የሰዉ ዓይን ሁሉ ቀስ በቀስ ወደ በሩ ዞረ።

ዘይኑዲን ጉሮሮውን ጠረገ።

«ብዬ ነበር፣» አለ።

ሰዉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየ።

«አንድ ቀን እጅ ይሳሳታል ብዬ ነበር። ተሳሳተ። እኔን የሚያስፈራኝ ግን መሳሳቱ አልነበረም። ሲሳሳት አፍረው ዝም ብለው ያበሉናል ብዬ ነው የምፈራው። የሚፈሰው ብዙ ነው፣ የሚያየው የለም ብለው ያበሉናል ብዬ።» በእጁ ሁለቱን ሴቶች አመለከተ። «ሙሉ ድስት በግ ለውሻ ሰጡ። ስለኔ አፍ እንዲህ የተጨነቀ ሰው ከእናቴ ሌላ አላውቅም። ውሸታቸውን ከአላህ ጋር ይነጋገሩበት።»

ወደ ውስጥ ገብቶ ከሽማግሌዎቹ መሀል ቦታ ፈልጎ ተቀመጠ።

«የሥጋው ቀን ሁለት ኩሽና ይሁን፣» አለ ወደ ሐጂ እያየ። «ሽሮውን ግን ከእትዬ አሰፋች ጭልፋ ነው የምበላው።»

«ይሁን፣» አሉ ሐጂ። ሌላ ድምፅ አልተሰጠም፤ ማንም አልጠየቀም። ሐጂ ብርኽቲ ዘንድ መጥተው አቤቱታቸውን ማንሣታቸውን ተናገሩ። ለሁለቱ ሴቶች ደግሞ ቅጣት ቆረጡ። ሽማግሌውን ያሳሰራችሁት እናንተ ናችሁ፣ ሄዳችሁ ይቅርታ ጠይቃችሁ ይዛችሁ ኑ፣ እስክትመጡ የሚቀርብ ምግብ የለም አሉ። ከአረጋውያኑ አንዳንዶቹ ቅጣቱ የነሱ እንደሆነ የገባቸው ዘግይቶ ነው።

*

ጣቢያው በር ላይ ጋሼ ገነነ ኮፍያቸውን አጠለቁ። ሁለቱ ሴቶች እግራቸው ላይ ሊወድቁ ሲሉ ክንዳቸውን ይዘው አነሧቸው፤ ሰው ያያል አሉ። ዳገቱን ሲወጡ ሴቶቹ ቀደም አሉ፣ ብርኽቲ ከሽማግሌው ጋር ኋላ ቀረች።

«አልተኙም ነበር፣» አለቻቸው።

«አልተኛሁም።»

«በሩንም የከፈቱላቸው እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ነኝ።»

«ምን እንደያዙ ያውቁ ነበር?»

«ሽታው ይናገራል፣ ልጄ።» ከፊት የሚሄዱትን ሴቶች በአገጫቸው አመለከቱ። «እነዚህን ሁለቱን ሲጣሉ ነው የማውቃቸው። ዛሬ ማለዳ እያለቀሱ ነበር የሚገፉት፣ ሁለቱም። እያለቀሰ የሚሰርቅ ሌባ አይቼ አላውቅም። የራሳቸው ምክንያት አላቸው አልኩ። ምክንያቱን ካላወቅኩት ምን ብዬ ልናገር? እንቅልፍ ይሻላል።»

«ነገ ፍርድ ቤት ቢቀርቡስ?»

«እዚያም ተኝቼ ነበር ነዋ የምለው።»

ብርኽቲ ይህ ሰው በሥራው ላይ እያለ ግቢው ተዘርፎ እንደማያውቅ አሰበች። ከዛሬ በቀር፤ ዛሬም ቢሆን አልተዘረፈም።

ግቢው ሲደርሱ ሰዉ ሁሉ እንደተቀመጠ ነበር። እንጀራው ተዘርግቷል፣ የነካው የለም። ጋሼ ገነነን ሲያዩ አረጋውያኑ ከመቀመጫቸው ሊነሡ ሞከሩ፤ ግማሾቹ ተነሡ፣ ግማሾቹ በወገብ ምክንያት በዓይን ተነሡ። ለሽማግሌው ከመሀል ቦታ ተለቀቀ። ለብርኽቲና ለሳጅን ሚናስም ተለቀቀ፤ ሳጅኑ እንቢ ለማለት ሞክሮ አልተሳካለትም።

እትዬ አሰፋች ሽሮውን ይዛ ዞረች። ለዘይኑዲን ስትደርስ ጭልፋውን ድስቱ ጠርዝ ላይ አራገፈች። እሱ እንጀራውን በጣቱ አስጠግቶ ጠበቃት።

ጋሼ ገነነ እጃቸውን ለመታጠብ ሊነሡ ሲሉ ዘይኑዲን ቀደማቸው። ማንቆርቆሪያውን ከግድግዳው ሥር አንሥቶ፣ ሳህኑን በግራ እጁ ይዞ፣ ዝቅ ብሎ አስታጠባቸው። ጋሼ ገነነ ቀስ ብለው፣ ጣት በጣት ታጠቡ። የሚቸኩሉበት ነገር አልነበራቸውም።

«ቶሎ ይብሉ እንጂ ጋሼ፣» አላቸው ዘይኑዲን፣ «ሽሮው በረደ።»

ሽሮው አልበረደም፤ ገና ይተናል። ኢንስፔክተር ብርኽቲ ይህን ከጎኑ ተቀምጣ በዓይኗ አየች። አንድ ጊዜ ጎረሰች፤ ሌላ ጥያቄ አልነበራትም።